ከባሕሩ በስንት ሜትር መራቅ ሳይሆን ከባሕሩ በላይ በስንት ሜትር መቆም፦ ስለ ታክሎባን ለተጻፈው ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ስለ ፊሊፒንሷ የወደብ ከተማ ስለ ታክሎባን በአማርኛ ተጽፎ ሰሞኑን ብዙ ሰው የተቀባበለው ጽሑፍ፣ ኖቬምበር 8 ቀን 2013 ሃያን የተባለው፣ ፊሊፒናውያን ግን ዮላንዳ ብለው የሚጠሩት አውሎ ነፋስ በከተማዪቱ ላይ ያደረሰውን ጥፋት በአምስት ነጥቦች ለማስረዳት ይሞክራል። ነጥቦቹ በአጭሩ እነዚህ ናቸው፦ ከተማዪቱ ያለ አንዳች ከለላ ፓስፊክ ውቅያኖስን ፊት ለፊት ስለምታይ መመታቷ አይቀሬ ነበር፤ የመጣው የባሕር ሙላት ከዚያ በፊት ታይቶ የማይታወቅ ስለነበር ማንም ሊገምተው አይችልም ነበር፤ የሞተው ሰው የበዛው ድሆች የባሕሩን ዳር በሕገ ወጥ መንገድ ስለወረሩት ነው፤ በባሕር ዳር ጨዋማ ውኃ ውስጥ የሚበቅለው የማንግሮቭ ደን ባይመነጠር ኖሮ ይህ ሁሉ ባልደረሰ ነበር፤ በመጨረሻም ከባሕሩ ጠርዝ እስከ 40 ሜትር ያለው መሬት ከመኖሪያነት ተከልክሎ፣ ግንብ ተሠርቶና ነዋሪው ወደ ሰሜን ተዛውሮ ችግሩ መፍትሔ አግኝቷል። ጸሐፊው ለአማርኛ አንባቢ እምብዛም የማይቀርብ ጉዳይ ማንሣታቸው ያስመሰግናቸዋል፤ ነገር ግን ከአምስቱ ነጥቦች ሦስቱ ስሕተት ናቸው፣ ሁለቱ ደግሞ እውነቱን ከፊሉን ብቻ ይዘዋል። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የመጀመሪያው ነጥብ ካርታ ተዘርግቶ ቢታይ አይጸናም። ታክሎባን የምትገኘው በሌይቴ ደሴት ሰሜን ምሥራቃዊ ዳርቻ ሲሆን፣ በእርሷና በፓስፊክ መካከል ሳማር የተባለችው ትልቅ ደሴት ጋርዳት ትገኛለች። ሁለቱን ደሴቶች የሚለያቸው የሳን ኋኒኮ ሰርጥ እጅግ ጠባብ በመሆኑ፣ በ1973 የተመረቀው ድልድይ ከዳር እስከ ዳር የሚሸፍነው ከ2 ኪሎ ሜትር ጥቂት የሚበልጥ ርዝመት ብቻ ነው። ከተማዪቱ ወደብ ሆና ያደገችው፣ ከሌይቴና ከሳማር የሚሰበሰበው የደረቀ ኮኮናትና ቃጫ የሚጫንባት ማዕከል የሆነችውም፣ በአዘቦት ቀን ከውቅያኖሱ ማዕበል የተከለለች ስለሆነች ነው። ስለዚህ ጸሐፊው ከለላ የለም ያሉበት ቦታ በእርግጥ ከለላ ያለበት ቦታ ነው፤ መታወቅ ያለበት ቁም ነገርም ይኸው ከለላ የመሰለው የመሬት አቀማመጥ በአንድ ዓይነት አውሎ ነፋስ ጊዜ ወጥመድ ሆኖ መገኘቱ ነው።

የሌይቴ ባሕረ ሰላጤ ወደ ሰሜን ምዕራብ እየጠበበና እየሳሳ ሄዶ ሳን ፔድሮ በሚባል አነስተኛ ባሕረ ሰላጤ ያበቃል፤ ታክሎባን የተቆረቆረችው በዚሁ በመጨረሻው ጥግ ላይ ነው። ነፋስ በባሕር ላይ ሲነፍስ ውኃውን ወደ አንድ ወገን የሚከምረው መጠን፣ በነፋሱ ፍጥነትና በሚነፍስበት ርቀት እየጨመረ፣ በውኃው ጥልቀት ግን እየቀነሰ የሚሄድ ነው። በትሪ ላይ ያለ ውኃ እፍ ቢሉት ወደ ማዶኛው ጠርዝ ይከመራል፤ በእንስራ ውስጥ ያለው ግን ከላይ የተገፋው በሥር በኩል ስለሚመለስ ይህን ያህል ከፍ አይልም። ሳን ፔድሮ እንደ ትሪው ነው። ብዙ ጊዜ የሚነገረው የአየር ግፊት መውረድም በዚህ ረገድ ድርሻው ትንሽ ነው፤ ግፊቱ በአንድ ሄክቶፓስካል (የአየር ግፊት መለኪያ ነው) ሲወርድ ባሕሩ ከፍ የሚለው አንድ ሴንቲ ሜትር ያህል ብቻ በመሆኑ፣ የሃያን ማዕከል እስከ 895 ሄክቶፓስካል ወርዶ እንኳ ከዚህ የሚገኘው ጭማሪ ከአንድ ሜትር ብዙ የሚያልፍ አይደለም። ታክሎባን ላይ የታየው ሙላት ግን ከ5 እስከ 6 ሜትር የሚደርስ ነበር። የቀረውን ያመጡት ነፋሱ፣ የባሕረ ሰላጤው ቅርጽና ጥልቀት ማነስ እንዲሁም ውኃው በባሕረ ሰላጤው ውስጥ የሚያደርገው የራሱ ውዝዋዜ ናቸው።

የአውሎ ነፋሱ መንገድም የራሱ ድርሻ ነበረው። ሃያን ንጋት ላይ በሳማር ደቡባዊ ጫፍ በጊዋን ከገባ በኋላ፣ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ገደማ ከታክሎባን በስተደቡብ በምትገኘው በቶሎሳ በኩል ሌይቴን ረገጠ። በሰሜናዊው ንፍቀ ክበብ እንዲህ ያለ አውሎ ነፋስ የሚሽከረከረው ከሰዓት አቅጣጫ በተቃራኒ ስለሆነ፣ ማዕከሉ በደቡብ በኩል ለሚያልፍባት ከተማ ነፋሱ መጀመሪያ ከሰሜን ይመጣል፤ ውኃውንም ከባሕረ ሰላጤው ያስወጣል። ማዕከሉ ሲያልፍ ግን ነፋሱ ዞሮ ከምሥራቅና ከደቡብ ምሥራቅ እየነፈሰ፣ ያስወጣውንና ከዚያም የበለጠውን በአንድ ጊዜ መልሶ ያስገባል። ነዋሪዎች ባሕሩ መጀመሪያ ሲሸሽ አይተነዋል ማለታቸው ከዚህ ጋር የሚስማማ ነው። አውሎ ነፋሱ ጥቂት በሰሜን በኩል አልፎ ቢሆን ኖሮ ነፋሱ በአብዛኛው ከየብስ ወደ ባሕር ስለሚነፍስ፣ የዚያው ጉልበት ያለው አውሎ ነፋስ ለታክሎባን ጣራ የሚገነጥል እንጂ ከተማ የሚያሰጥም አይሆንም ነበር።

ጸሐፊው ፓስፊክን በእርግጥ ፊት ለፊት የሚያይ ቦታ ከፈለጉ በምሥራቅ ሳማር ያለችውን ሄርናኒን መጥቀስ ይችሉ ነበር። ከዚያ ጠረፍ ፊት ለፊት ባሕሩ ፈጥኖ ይጠልቅና የፊሊፒንስ ገደል ወደሚባለው የባሕር ሥር ሸለቆ ይወርዳል፤ የገደሉ ጥልቀት ከ10,000 ሜትር ይበልጣል። እንዲህ ባለ ጥልቅ ውኃ ነፋስ ብዙ ሊከምር አይችልም። ሄርናኒን የመታት ሌላ ነገር ነው፦ ግዙፍ ሞገዶች በጠረፉ የኮራል ድንጋይ ላይ እየተሰበሩ የውኃውን ከፍታ በየተወሰነ ደቂቃ ከፍና ዝቅ በማድረጋቸው፣ ሱናሚ የሚመስል የውኃ ግድግዳ ቤቶችን ጠርጎ ሄደ። ሁለቱ ቦታዎች በአንድ ጠዋት በአንድ አውሎ ነፋስ ተመቱ፤ የተመቱበት መንገድ ግን የተለያየ በመሆኑ ለአንዱ የሚሠራው መከላከያ ለሌላው ላይሠራ ይችላል። «ፓስፊክ መታቸው» የሚለው አባባል ይህን ልዩነት ደፍኖ ያልፈዋል።

ታይቶ የማይታወቅ ነበር የሚለውን ሁለተኛ ነጥብ ለማስተባበል ብዙ ቃል አያስፈልግም። ኦክቶበር 12 እና 13 ቀን 1897 ሳማርንና ሌይቴን የመታው አውሎ ነፋስ ባሕሩን ወደ የብስ ማስገባቱን፣ በዚያን ጊዜ የማኒላን የአየር ጠባይ ምርመራ ጣቢያ ይመሩ የነበሩት ኢየሱሳዊው ካህን ሆሴ አልጌ በማግስቱ ዓመት በዝርዝር መዝግበውታል። በኖቬምበር 1912 ደግሞ ሌላ አውሎ ነፋስ ታክሎባንን እንዳወደመ የአሜሪካ ጋዜጦች ሳይቀሩ ዘግበዋል። በ2013ም ቢሆን የአገሪቱ የአየር ትንበያ መሥሪያ ቤት ፓጋሳ ሙላቱ እስከ 7 ሜትር ሊደርስ እንደሚችል አስቀድሞ አስጠንቅቆ ነበር። ስለዚህ የጎደለው ዕውቀቱ አልነበረም፤ ዕውቀቱ ሰዉ የት ይሽሽ ወደሚለው ውሳኔ አልተቀየረም እንጂ። በባሕሩ ዳር የተሠራው፣ አስትሮዶም የሚባለው የከተማው የስብሰባ አዳራሽ የመጠለያ ቦታ ሆኖ ማገልገሉ ለዚህ ማስረጃ ነው፤ ላይኛው መቀመጫ ላይ የወጡት ሲተርፉ፣ በምድር ወለል ክፍሎች የነበሩ ሰዎች ውኃው ደርሶባቸዋል። ከአንድ ዓመት በኋላ በዲሴምበር 2014 ሃጉፒት የተባለው አውሎ ነፋስ በቀረበ ጊዜ ሕዝቡ በብዛትና በጊዜ መውጣቱ፣ ሰው የሚሸሽበትን ከተነገረው እንደሚሸሽ አሳይቷል።

ሦስተኛውን ነጥብ፣ ማለትም ጥፋቱን በሕገ ወጥ ሰፋሪዎች ላይ የሚጥለውን፣ በተለይ ልቃወመው የምፈልገው ነው። በአኒቦንግና በማጋያኔስ ሠፈሮች በውኃው ላይ በእንጨት ምሰሶ የቆሙ ጎጆዎች እንደነበሩ፣ በውስጣቸውም ዓሣ አጥማጆች፣ የወደብ ጫኝና አውራጆችና ጉልት ቸርቻሪዎች ይኖሩ እንደነበር እውነት ነው። በአኒቦንግ ትላልቅ የጭነት መርከቦች በቤቶቹ ላይ ወጥተው ቀርተዋል፤ የአንደኛዋ የኤቫ ጆስሊን የፊት አካል ዛሬም መታሰቢያ ሆኖ በዚያው ቆሟል። ይሁን እንጂ ብዙ ሰው ያለቀበት አካባቢ ሳን ሆሴ የሚባለው ባሕረ ገብ መሬት ነው፤ በዚያ ደግሞ ከድሃው ሠፈር ጎን ለጎን፣ በሕጋዊ ካርታ ተሸንሽነው የተሸጡ የመካከለኛ ገቢ ነዋሪዎች መንደሮች ነበሩ። ውኃው የይዞታ ማረጋገጫ ጠይቆ አልገባም።

ሳን ሆሴ እንዴት እንዲህ ተጨናነቀ የሚለው ጥያቄ መልሱ በመሬት አጠቃቀም ታሪክ ውስጥ ይገኛል። ከካንካባቶ ወሽመጥ በስተምሥራቅ እንደ ክንድ ተዘርግቶ የሚገኘው ይህ ዝቅተኛ አሸዋማ መሬት፣ በኦክቶበር 1944 የአሜሪካ ጦር ሌይቴ ላይ ሲያርፍ ከማረፊያ ዳርቻዎቹ አንዱ ነበር፤ በጫፉ በካታይሳን የነበረውን የአውሮፕላን መንደርደሪያም ጦሩ አስፍቶ ለጦርነቱ ተጠቀመበት። ጦርነቱ ሲያልቅ መንደርደሪያው የከተማዪቱ አየር ማረፊያ ሆነ፤ ወደ አየር ማረፊያው የሚወስደው መንገድ ተሠራ፤ መንገዱን ተከትሎ መብራት፣ ውኃ፣ ትምህርት ቤት፣ ከዚያም ቤት መጣ። ሜዳው ለጦር አውሮፕላን ምቹ የሆነው ጠፍጣፋና ለባሕር ቅርብ ስለሆነ ነው፤ ለመኖሪያ አደገኛ የሆነውም በዚያው ምክንያት ነው። ይህን መንገድ የከፈቱት የመንግሥትና የጦር ውሳኔዎች ናቸው፤ ድሃው ተከትሎ መጣ እንጂ አልመራም።

የመሬት እጥረት ነበር የሚለውም ማመካኛ ብዙ አያስኬድም። የታክሎባን አስተዳደራዊ ስፋት 200 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን፣ በ2010 የተቆጠረው ሕዝብ ግን 221,174 ነበር። አብዛኛው ሕዝብ በደቡብ ምሥራቅ ባለው ጠባብ ሜዳ ታጭቆ፣ ሰሜኑና ምዕራቡ ኮረብታማው ክፍል በኮኮናት እርሻና በቁጥቋጦ ተሸፍኖ ይኖር ነበር። የማዘጋጃ ቤቱ ሕንፃ ራሱ የተሠራው ካንሁራው በምትባል፣ ከባሕሩ ዳር ብድግ ባለች ትንሽ ኮረብታ ላይ ነው። ሕንፃው ከባሕሩ የራቀ አይደለም፤ ከባሕሩ ከፍ ያለ ነው። በዚህ ምላሽ የማነሣው ዋና ሐሳብ ከዚህ አንድ ኮረብታ ላይ ሆኖ ይታያል፦ በእንዲህ ያለ ባሕረ ሰላጤ ዳር የሰውን ሕይወት የሚወስነው ከውኃው ጠርዝ ያለው ርቀት ሳይሆን ከባሕር ወለል በላይ ያለው ከፍታ ነው።

ማንግሮቭን በተመለከተ ጸሐፊው በግማሽ ትክክል ናቸው። ፊሊፒንስ በሃያኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ከነበራት 450,000 ሄክታር ገደማ የማንግሮቭ ደን፣ ክፍለ ዘመኑ ሊያልቅ ሲል የቀራት 120,000 ሄክታር ገደማ ብቻ ነበር፤ ዋናው ምክንያትም ደኑ ለዓሣና ለሽሪምፕ ማርቢያ ኩሬ መመንጠሩ ነው። ማንግሮቭ የሞገድን ጉልበት በመስበር ረገድ ጥሩ ሥራ ይሠራል፤ አንድ መቶ ሜትር ስፋት ያለው እንኳ ልዩነቱ የሚታይ ነው። የባሕር ሙላትን ከፍታ በመቀነስ ረገድ ግን፣ በመስክ የተለካው ውጤት ለአንድ ኪሎ ሜትር የደን ስፋት ከጥቂት ሴንቲ ሜትር እስከ ግማሽ ሜትር የሚደርስ ነው። 5 ሜትር ሙላትን በደን ብቻ ለመመለስ ታክሎባን የሌላትን የብዙ ኪሎ ሜትር ረግረግ መፈለግ ይኖርባታል። ከአደጋው በኋላ የተካሄደው ተከላም ሌላ ጥያቄ ያስነሣል፤ በብዙ ቦታ የተተከለው ለመትከል የሚቀለው ባካው የሚባለው ዝርያ ሲሆን፣ በክፍት ባሕር ፊት በተፈጥሮ የሚበቅሉት ግን ፒያፒና ፓጋትፓት የሚባሉት ናቸው። ባካውን ማዕበል በሚመታው አሸዋ ላይ መትከል ገንዘብ ማባከን እንደሆነ የአገሪቱ የማንግሮቭ ባለሙያዎች ደጋግመው ተናግረዋል። ማንግሮቭ ለዓሣው፣ ለሸርጣኑና ለአዘቦቱ ማዕበል ሲባል ሊተከል ይገባል፤ ሰውን ከእንደ ሃያን ያለ ሙላት ያድናል ብሎ ማሳመን ግን ሰው በቦታው እንዲቀመጥ ማደፋፈር ይሆናል።

አሁን ወደ 40 ሜትሩ ልመለስ። ጸሐፊው ይህን ቁጥር በባለሙያዎች ጥናት እንደተደረሰበት አድርገው አቅርበውታል። ቁጥሩ ግን የመጣው በ1976 ከወጣው የፊሊፒንስ የውኃ ሕግ ነው። የሕጉ አንቀጽ 51 በባሕር፣ በወንዝና በሐይቅ ዳርቻ ለሕዝብ መተላለፊያ፣ ለመዝናኛ፣ ለጉዞና ለዓሣ ማጥመድ ክፍት ሆኖ የሚተው መሬት ስፋቱ በከተማ 3 ሜትር፣ በእርሻ መሬት 20 ሜትር፣ በደን መሬት 40 ሜትር እንዲሆን ይደነግጋል። ሦስቱም መጠኖች ስለ መተላለፊያ የተደነገጉ እንጂ ስለ አውሎ ነፋስ አደጋ የተጠኑ አይደሉም፤ በከተማ ላይ እንዲሠራ የተወሰደው ደግሞ ለደን የተጻፈው ነው። ውኃው በዝቅተኛዎቹ ሠፈሮች ከመቶዎች ሜትር እስከ አንድ ኪሎ ሜትር ገደማ ወደ ውስጥ በገባበት ከተማ፣ በ41ኛው ሜትር ላይ ያለ ቤት የሚድንበት፣ በ39ኛው ላይ ያለው የሚጠፋበት ምክንያት የለም። እንዲያውም በአንዳንድ የድንጋይ ዳርቻ ከውኃው 20 ሜትር ርቆ በኮረብታ ጎን ላይ የተሠራ ቤት፣ በሳን ሆሴ ሜዳ 500 ሜትር ገብቶ ከተሠራው ይልቅ ደኅና ነው። ባለሥልጣናቱ ራሳቸው በኋላ «መገንባት የተከለከለበት» ያሉትን ክልል «መኖር የተከለከለበት» ወደሚል መለወጣቸው፣ ከዚያም በአደጋ መጠን የተከፋፈሉ ቀጠናዎችን ወደ ማውጣት መሄዳቸው የቁጥሩን ድክመት ያሳያል። መኖር ሲከለከል መገንባት ያልተከለከለ እንደሆነ ደግሞ፣ ጎጆው ተነሥቶ በምትኩ ሆቴል ሊቆም ይችላል ማለት ነው፤ ዓሣ አጥማጆቹ በጊዜው ያሰሙት አቤቱታም ይኸው ነበር።

ወደ ሰሜን የተደረገው ዝውውር በከፍታ ሚዛን ሲታይ መልካም ነው፤ ይህን አልክድም። በሳን ኋኒኮ ሰርጥ አካባቢ ባሉት በካባላዋን፣ በሳንቶ ኒንዮ፣ በኒው ካዋያንና በሌሎች ቀበሌዎች ኮረብቶች ላይ የተሠሩት መንደሮች፣ ውኃው በ2013 ከደረሰበት ከፍታ በላይ ናቸው። በዕቅድ የተያዙት ቤቶች ከ14 ሺሕ በላይ ነበሩ። ችግሩ ጸሐፊው የቤቶቹን ቁጥር እንደ መጨረሻ ውጤት መቁጠራቸው ነው። ከመሀል ከተማ አሥር ኪሎ ሜትር ገደማና ከዚያም በላይ የራቀ ቤት ለተሰጠው ዓሣ አጥማጅ፣ ጀልባው ያለው ሳን ሆሴ ነው፤ ዓሣው የሚሸጠው በመሀል ከተማው ገበያ ነው፤ የሚስቱ ጉልትም እዚያው ነው። የጂፕኒ፣ ማለትም የአገሩ የሕዝብ ታክሲ፣ ክፍያው ደርሶ መልስ ሲታሰብ ከቀን ገቢው ላይ የሚቆርጠው ቀላል አይደለም። ጀልባ ደግሞ ያለ ጠባቂ አያድርም። ውጤቱ የታወቀ ነው፤ ብዙ ቤተሰብ ልጆቹን በሰሜን አስተኝቶ፣ አባት ወይም ሁለቱም ወላጆች ሳምንቱን በዳርቻው በሠሩት ዳስ ያሳልፋሉ።

ውኃውም አለ፤ በዚህ ጊዜ የሚጠጣው። የታክሎባን የቧንቧ ውኃ የሚመነጨው ከከተማዪቱ በስተደቡብ ምዕራብ ካሉት የዳጋሚና የአካባቢው ጅረቶችና ወንዞች ነው፤ መስመሩ ወደ ሰሜን የሚደርሰው መሀል ከተማውን ካጠጣ በኋላ ነው። በዚህ ምክንያት አዲሶቹ መንደሮች ለዓመታት ውኃ የሚያገኙት በቦቴ መኪና ነበር፤ ቦቴው እስኪመጣ ባልዲና ጀሪካን በየደጁ ይሰለፍ ነበር። ዓመቱን ሙሉ ያለ እውነተኛ የበጋ ወር ዝናብ በሚዘንብበት ምድር ሰው ውኃ በወረፋ መጠበቁ፣ ቦታ ሲመረጥ ከአንድ አደጋ ማምለጥ ብቻ እንደታየ ያስረዳል። ኮረብታን በዶዘር ቆርጦ ቤት መደርደር ደግሞ እንዲህ ባለ ዝናብ የመሬት መንሸራተትን ጥያቄ ይዞ ይመጣል፤ ይህን ጸሐፊው ጨርሶ አላነሡትም።

ጸሐፊው የመጨረሻ ዋስትና ያደረጉት ከታክሎባን እስከ ታናዋን ድረስ 27 ኪሎ ሜትር ገደማ እንዲረዝም የታቀደውን የባሕር ግንብ ነው። የግንቡ ከፍታ 4 ሜትር ገደማ ሲሆን፣ የሃያን ሙላት ከዚያ በላይ እንደነበር ከላይ ተጽፏል። ለመካከለኛ አውሎ ነፋስ ይጠቅማል፤ ለእንደ ሃያን ያለው ግን ውኃውን ለጥቂት ጊዜ ከማዘግየት ያለፈ ተስፋ ሊጣልበት አይገባም፤ ግንቡ ከወንዝና ከዝናብ የሚመጣውን ጎርፍም ወደ ባሕር እንዳይወጣ አግዶ እንዳያስቀር የማፋሰሻ በሮቹ መሥራት አለባቸው። በግንቡ ተማምኖ ከኋላው ያለውን ሜዳ እንደገና መሸንሸን ቢጀመር፣ ጉዳዩ ወደ ተነሣበት ይመለሳል።

ይህ ሥጋት ከመሬት ተነሥቶ የተባለ አይደለም። ሰው እንዳይኖርበት በተባለው በሳን ሆሴ ጫፍ ያለው አየር ማረፊያ፣ በ2013 ሕንፃው በውኃ ከተመታ በኋላ፣ በዚያው ቦታ እየሰፋና አዲስ ተርሚናል እየተሠራለት ነው፤ በካንካባቶ ወሽመጥ ላይም መሀል ከተማውን ከዚሁ ባሕረ ገብ መሬት ጋር የሚያገናኝ አቋራጭ መንገድ ተጀምሯል። በ1944 የተስፋፋው መንደርደሪያ መንገድን፣ መንገዱም ቤትን እንዳስከተለ አይተናል። ጸሐፊው በሚቀጥለው ጽሑፋቸው፣ ለዓሣ አጥማጁ ጎጆ አደገኛ የተባለው ሜዳ ለተርሚናሉ፣ ለመንገዱና መንገዱን ተከትለው ለሚመጡት ሱቆች እንዴት አስተማማኝ እንደሆነ፣ በእነዚያ ሱቆች የሚሠራው ሰውስ በየትኛው ከፍታ ላይ እንዲያድር እንደታሰበ ቢያስረዱን፣ ክርክራችን ከ40 ሜትሩ አልፎ ሊሄድ ይችላል።